የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ታይምሼርዎ በአንድ አዳር ስንት ያስወጣዎታል?

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቤተሰቤን ይዤ ለዕረፍት ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ በሄድኩ ጊዜ፣ የመዝናኛ ፓርክ መግቢያ ትኬት በስጦታ ይሰጣችኋል ተብለን የዘጠና ደቂቃ ገለጻ ለማዳመጥ ገባን። የወጣነው ከአራት ሰዓት በላይ ቆይተን፣ በየዓመቱ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ አንድ ሳምንት የማሳለፍ መብት ማለትም ታይምሼር ገዝተን ነው። ዋጋው 21,000 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 2,100 ዶላር በቅድሚያ ከፈልን፤ ለውል ማስፈጸሚያ ሌላ 600 ዶላር ተጨመረ፤ ቀሪውን 18,900 ዶላር በ15 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ተበድረን በየወሩ 305 ዶላር ገደማ እንከፍላለን። ሻጩ ወረቀት አውጥቶ 21,000ን ለ30 ዓመት፣ ውጤቱን ደግሞ ለሰባት ሌሊት አካፍሎ «በአዳር መቶ ዶላር ብቻ» ብሎን ነበር። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ስላስቀመጥነው ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ዓመታዊው የጥገና ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከነበረበት 1,050 ዶላር በየዓመቱ አምስት በመቶ እየጨመረ ዘንድሮ 1,340 ደርሷል፤ የመጪው ዓመት መጠየቂያ 1,407 እንደሚሆን ተነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ካደረሰው ጉዳት በኋላ ልዩ መዋጮ ተብሎ 900 ዶላር ከፍለናል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አልሄድንም። በ2021 እና በ2022 ሙሉ ሳምንት ቆየን። በ2023 ሳምንታችንን ዊሊያምስበርግ ካለ ማረፊያ ጋር ተለዋውጠን ለአባልነትና ለልውውጥ 380 ዶላር ከፈልን። በ2024 ከሥራ ፈቃድ ያገኘሁት ለአራት ሌሊት ብቻ ነበር። ዘንድሮ እናቴ ስለታመሙ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ሳምንቱ ሳንጠቀምበት አልፏል። ታላቅ ወንድሜ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያለ ይገሥጸኛል። ባለቤቴ ግን ይህ ባይኖር ኖሮ አንድም ቀን አታርፍም ነበር ትለኛለች። በእርግጥ አንዱን አዳር በስንት እየገዛን ነው? ብንይዘው ወይስ ብንለቀው ይሻላል?

መልስ፦ የላኩልኝን ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ፣ 100 የሚለው ቁጥር ሁለት ጊዜ ተከቦ፣ ሥሩም ተሰምሮበታል። የማካፈል ስሌቱ አንድም ስሕተት የለበትም፤ 21,000 ለ30፣ ከዚያም ለ7 ሲካፈል በትክክል 100 ይሰጣል። ጥፋቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ባልተጻፈው ነገር ነው። ተካፋዩ ላይ መግባት የነበረባቸው ወጪዎች አልገቡም፤ አካፋዩ ደግሞ እርስዎ ለሠላሳ ዓመት አንድም ሌሊት ሳያመልጥዎ፣ ሳይታመሙ፣ ፈቃድ ሳይከለከሉ፣ ዘመድ ሳይሞትብዎ በየዓመቱ ሰባት ሌሊት እንደሚያድሩ አድርጎ ተቆጥሯል።

ከተካፋዩ እንጀምር። የተበደሩት 18,900 ዶላር በ15 በመቶ ወለድ በ120 ወራት ተከፍሎ ሲያልቅ 36,590 ዶላር ይሆናል። ቅድሚያ ክፍያውና የውል ማስፈጸሚያው ሲታከሉበት የግዢው ወጪ ብቻውን 39,290 ዶላር ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 17,690 የሚጠጋው ለአፓርታማው ሳይሆን ለብድሩ የተከፈለ ወለድ ነው። በዚህ ላይ የጥገና ክፍያው ይመጣል። ይህ ክፍያ ልክ እንደ ዕድር መዋጮ ነው፤ ቤትዎ ኀዘን ቢኖርም ባይኖርም፣ ኦርላንዶ ቢሄዱም ባይሄዱም ይከፈላል። ልዩነቱ በዕድር ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው መዋጮው እንዳይጨምር መከራከር መቻልዎ ነው፤ እዚህ ግን በብዙ ቦታ የባለቤቶቹን ማኅበር አመራር በእጁ የሚይዘው፣ ያልተሸጡትን ሳምንታት ድምፅም የሚሰጠው ራሱ ሻጩ ድርጅት ነው። ከ1,050 የተነሣው ክፍያ በየዓመቱ አምስት በመቶ እየጨመረ ከቀጠለ በሠላሳኛው ዓመት ብቻ 4,320 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ የሠላሳው ዓመት ድምር ደግሞ ወደ 69,760 ይደርሳል። ሁለቱን ደምረን ልክ እንደ ሻጩ ለ210 ሌሊት ብናካፍለው አንዱ አዳር 519 ዶላር ይወጣዋል።

ይህን ቁጥር ግን ለማስፈራሪያ ልጠቀምበት አልፈልግም። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፈል ዶላር ከዛሬው ዶላር ጋር እኩል አይደለም፤ የሆቴል ዋጋም በዚያው ልክ መጨመሩ አይቀርም። ሻጩ የነገውን ወጪ ደብቆ 100 እንዳለ ሁሉ፣ እኔም የነገውን ዶላር እንደ ዛሬው ቆጥሬ 519 ብል ትክክል አልሆንም። ከዚህ ይልቅ እስከ ዛሬ በእርግጥ የሆነውን እንቁጠር፤ እሱ ግምት የለበትም።

በስድስት ዓመት ውስጥ ለብድሩ 72 ጊዜ ከፍለዋል፤ ይህ 21,954 ዶላር ነው። ቅድሚያ ክፍያውና ማስፈጸሚያው 2,700፣ ስድስት ዓመት የተከፈለው የጥገና ክፍያ 7,142፣ ልዩ መዋጮው 900፣ የልውውጡ ወጪ 380 ነው። በድምሩ ከኪስዎ 33,076 ዶላር ወጥቷል። ያደሩት ደግሞ 7፣ 7፣ 7 እና 4፣ በድምሩ 25 ሌሊት ነው። አንዱ አዳር 1,323 ዶላር ማለት ነው።

ገና የሚመጡትን ዓመታት ዋጋ ለምን ባለፉት ሌሊቶች ላይ ትጭናለህ የሚል አንባቢ ቢኖር ተቃውሞው ተገቢ ነው። እንግዲያውስ እጅግ ለጋስ ሆነን የግዢውን ዋጋና ማስፈጸሚያውን በሠላሳ ዓመት እኩል እንበትነው። በዚህ መንገድ የስድስቱ ዓመት ድርሻ 4,320 ዶላር ብቻ ይሆናል። እስካሁን የተከፈለው ወለድ ግን 14,010 ዶላር ነው፤ ይህ የተበላና የማይመለስ ወጪ በመሆኑ ለመጪዎቹ ዓመታት ሊያቆዩት አይችሉም። የቀሩትን ጨምረን ስንደምር 26,752 ይመጣል፤ ለ25 ሲካፈል 1,070 ዶላር ነው። አንድም ሳምንት ሳያመልጣችሁ 42ቱንም ሌሊት አድራችሁ ቢሆን ኖሮ እንኳ በአዳር 637 ዶላር በሆነ ነበር።

ቁጥሩ ይህን ያህል የሚርቀው ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ የመኖሪያ ቤት ስንገዛ የምናስበውን ነገር እዚህም ማሰብ ይጠቅማል። አንድ አፓርታማ በብዛት 51 ሳምንት ለ51 ቤተሰብ ይሸጣል፤ አንዱ ሳምንት ለጥገና ይቀራል። 21,000 በ51 ሲባዛ 1,071,000 ዶላር ነው። ኦርላንዶ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ልግዛ ብሎ ባንክ የሚሄድ ሰው የለም። ከዚህ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የሻጮች ኮሚሽን፣ የነጻ ትኬቶቹና ማስታወቂያው ናቸው፤ ለዚህም ነው ውሉ በተፈረመ ማግሥት ንብረቱ ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የተከፈለበትን ሩብ እንኳ የማያወጣው። የጥገናውም ነገር እንዲሁ ነው፦ የዘንድሮው 1,340 በ51 ሲባዛ ለአንድ አፓርታማ በዓመት 68,340 ዶላር ይሰበሰባል።

እስካሁን ያሰላነው ያለፈውን ነው፤ ለወንድምዎ መልስ ይሆናል፤ ለእርስዎ ውሳኔ ግን አይሆንም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብዙ ቤተሰቦች ወደ እኔ ሲመጡ «ይህን ሁሉ ከፍለን እንዴት እንተወዋለን» ይላሉ፤ ነገር ግን 33,076 ዶላሩ ቢይዙትም ቢለቁትም አይመለስም። የቀረው ብድርም ቢሆን፣ ማለትም 10,956 ዶላር፣ ሳምንቱን ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ፊርማዎ ያለበት ዕዳ ነው። ስለዚህ «ልያዘው ወይስ ልልቀቀው» ለሚለው ጥያቄ የሚገባው ተካፋይ ከዛሬ በኋላ ቢለቁት የሚቀርልዎ ወጪ ብቻ ነው፤ እሱም የጥገና ክፍያውና አልፎ አልፎ የሚመጣው ልዩ መዋጮ ነው።

የመጪው ዓመት 1,407 ዶላር ለሰባት ሌሊት ሲካፈል 201 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ግን አካፋዩን በሐቀኝነት መምረጥ አለብዎ። በስድስት ዓመት 25 ሌሊት ማለት በዓመት አራት ሌሊት ከጥቂት ማለት ነው፤ ወደፊትም ኑሮዎ እንዳለፈው ከሆነ እውነተኛው ዋጋ በአዳር 338 ዶላር ነው። እኔ የምተማመነው በሁለተኛው ነው። ሰው ያለውን ሌሊት ሳይሆን ያደረውን ሌሊት ይቁጠር።

አሁን ይህንን ከምን ጋር እናወዳድረው? ከአውራ ጎዳና ዳር ሞቴል ጋር ማወዳደር ለታይምሼሩ ፍትሕ አይሆንም። በደብዳቤዎ ግርጌ፣ በ2022 የሄዳችሁት በፍልሰታ ጾም ወቅት እንደነበረና እናትዎ በአፓርታማው ወጥ ቤት ከአሌክሳንድሪያ ይዛችሁት በሄዳችሁት እንጀራ ሽሮ እየሠሩ ቤተሰቡን እንዳበሉ ጽፈውልኛል። ሁለት መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ለስድስት ሰው ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ በየቀኑ ምግብ ቤት ከመሄድ ያድናል። ስለዚህ የሚወዳደረው እዚያው ሪዞርት ውስጥ፣ ያንኑ ዓይነት አፓርታማ፣ በዚያው ሳምንት ነው። እንደጻፉልኝ ይህ በመደበኛው የቦታ ማስያዣ በአዳር 190 ዶላር ነው። ሪዞርቱ በኦሬንጅ ካውንቲ ስለሚገኝ የሽያጭ ግብሩ 6.5 በመቶ፣ የቱሪስት ግብሩ 6 በመቶ፣ በድምሩ 12.5 በመቶ ይጨመርበትና 214 ይሆናል። በሌላ በኩል፣ እንደ እርስዎ መሄድ ያልቻለ ሌላ ባለቤት ያንኑ ሳምንት በ1,000 ዶላር ሲያከራይ አይተዋል፤ ይህ በአዳር 143 ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ሌሊት ከተጠቀሙ 201፣ እንዳለፈው ከተጠቀሙ 338፣ ከሆቴሉ ቢይዙ 214፣ ከሌላ ባለቤት ቢከራዩ 143 ዶላር ነው። ከዚህም በላይ፣ ተከራይ ሲሆኑ መሄድ ባልቻሉበት ዓመት ምንም አይከፍሉም። አሥር ዓመት ወደፊት ብንሄድ፣ በአምስት በመቶ ጭማሪ የጥገናው ድምር 17,700 ዶላር ገደማ ይደርሳል። የኪራዩም ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምር ብለን እንደ እስካሁኑ ከሦስት ዓመት ሁለቱን ብቻ ቢከራዩ የሚያወጡት ወደ 8,400 ነው። ልዩነቱ ለአንድ ልጅ የኮሌጅ መጻሕፍትና ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው።

የባለቤትዎን ሐሳብ ግን በቁጥር ላልፈው አልችልም። ፓርኪንግ ቤት፣ ሆስፒታልና ታክሲ ላይ ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን ዕረፍትን እንደ ቅንጦት ሲያዩት፣ ልጆቻቸውም አባታቸውን ሲተኛ ብቻ ሲያዩት እኔም አይቻለሁ። ታይምሼሩ እርስዎን ከሥራ አስወጥቶ ከልጆችዎ ጋር 25 ሌሊት ካሳደረ ጥቅሙን አልክድም። ይሁን እንጂ ያንን ግዴታ ሌላ ቦታም መፍጠር ይቻላል። የመጪው ዓመት 1,407 ዶላር በወር 117 ዶላር ነው፤ ይህንኑ ገንዘብ በባለቤትዎ ስም በተከፈተ የተለየ ሒሳብ ውስጥ እንደ ዕቁብ በየወሩ አስገቡት፤ ዕጣውም በየዓመቱ ለቤተሰቡ ዕረፍት ይውጣ። ያልሄዳችሁበት ዓመት ገንዘብ ለሚቀጥለው ይተርፋል፤ እናትዎ ሲታመሙም የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ይልቀቁት ነው፤ ነገር ግን በቅደም ተከተል። ብዙዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች ባለቤቱ ሳምንቱን ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ክፍያ መልሶ የሚያስረክብበት አሠራር አላቸው፤ በአብዛኛው ግን ብድሩ ተከፍሎ ማለቁንና ውዝፍ የጥገና ክፍያ አለመኖሩን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ብድሩ ነው። በቀሩት 48 ወራት ገና 3,680 ዶላር ወለድ ይከፍላሉ። በባንክ በአራት በመቶ የተቀመጠ ቁጠባ ካለዎት፣ የመጠባበቂያውን ትተው በቀሪው ይህንን የ15 በመቶ ዕዳ ይቁረጡ፤ ወይም የክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) አባል ከሆኑ በዝቅተኛ ወለድ እንዲያዞሩልዎ ይጠይቁ። ዝም ብሎ መክፈል ማቆም ግን ክሬዲትዎን፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክዎን፣ ይጎዳል፤ እስከ ንብረት መነጠቅም ያደርሳል። ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ የማይሄዱበትን ሳምንት አስቀድመው ያከራዩ፤ 1,000 ዶላር እንኳ ቢያገኙ የዓመቱ ኪሳራ ከ1,407 ወደ 407 ይወርዳል። ዘንድሮ ሳምንቱ ባዶውን ባለፈ ጊዜ ያመለጠዎ ይህ ነበር።

በዚህ መካከል ስልክ ደውሎ «ገዢ አግኝተንልዎታል» ወይም «ከውሉ እናስወጣዎታለን፤ አስቀድመው ይክፈሉ» የሚልዎ ይኖራል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን አስቀድሞ ክፍያ ስለሚጠይቁ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሸማቾችን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባወጣው መረጃ ደግሞ ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት 6,000 የሚያህሉ አሜሪካውያን ከሜክሲኮ በሚነሣ የታይምሼር ማጭበርበር ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደተዘረፉ አመልክተዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚከፈል እያንዳንዱ ዶላር የአዳሩን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያወርደውም። መጀመሪያ የሚደውሉት ለራሱ ለሪዞርቱ ነው፤ የሚሰጥዎን መልስም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ በነርስነት የምሠራ ሴት ነኝ። የዲዝኒን ታይምሼር ከግለሰብ ላይ በጥሬ ገንዘብ ልገዛ አስቤያለሁ። ኦርላንዶ በሚገኘው ቦርድዎክ በተባለው ማረፊያ በየዓመቱ 150 ነጥብ ነው፤ አዳር የሚያዘው በነጥቡ ነው። ሻጯ በነጥብ 100 ዶላር፣ በድምሩ 15,000 ዶላር ጠይቀዋል። ዓመታዊው ክፍያ በነጥብ 9 ዶላር ገደማ ነው። ሳምንት ሳይሆን ነጥብ ስለሆነ የአዳሩን ዋጋ እንዴት እንደማወጣ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ በነጥብ ሲሆን መጀመሪያ የሚሰላው የአዳር ሳይሆን የአንድ ነጥብ የዓመት ዋጋ ነው፤ አዳሩ ከዚያ በኋላ በማባዛት ይመጣል። የእርስዎ ጉዳይ ከላይ ካለው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። የዲዝኒ ውሎች ማብቂያ ቀን አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ከተጀመረው ከዚህ አሠራር ቀደምት ማረፊያዎች የብዙዎቹ፣ የቦርድዎክም ጭምር፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2042 ያበቃል። ይህ ማለት ከዚያ ቀን በኋላ ክፍያው ለልጆችዎ አይተላለፍም፤ በሌላ በኩል ግን በዚያ ቀን በእጅዎ የሚቀር ምንም ነገር የለም፤ 15,000ው ዜሮ እስኪሆን በየዓመቱ ይሸረሸራል።

ከ2026 እስከ 2041 ድረስ 16 ዓመት ቢጠቀሙ፣ 15,000 ለ16፣ ከዚያም ለ150 ነጥብ ሲካፈል 6.25 ዶላር ይሆናል። ዓመታዊው 9 ዶላር ሲታከል 15.25 ነው። በጥሬ ገንዘብ ስለሚገዙ ወለድ የለብኝም ብለው እንዳያስቡ፤ ያ ገንዘብ በባንክ በአራት በመቶ ቢቀመጥ በመጀመሪያው ዓመት 600 ዶላር ይወልድ ነበር። ዋጋው እየተሸረሸረ ስለሚሄድ ግማሹን ማለትም በዓመት 300 ዶላርን በአማካይ እንውሰድ፤ በነጥብ 2 ዶላር ነው። (ከላይ ያሉት ጠያቂ 21,000 ዶላሩን በጥሬ ገንዘብ ቢከፍሉ ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት የሚቀርባቸው የባንክ ወለድ 840 ዶላር፣ በአዳር 120 ይሆን ነበር። የሻጩ መቶ ዶላር ይህንን እንኳ አልሸፈነም።) ስለዚህ የእርስዎ ነጥብ እውነተኛ ዋጋ ዛሬ 17.25 ዶላር ነው፤ ዓመታዊው ክፍያ ሲጨምር ይህም ይጨምራል።

እንደጻፉልኝ አንድ ስቱዲዮ (ባለ አንድ ክፍል ማደሪያ) በተራ ቀን 15 ነጥብ፣ በበዓል ሰሞን 25 ነጥብ ይጠይቃል። የመጀመሪያው አዳር 259 ዶላር፣ ሁለተኛው 431 ዶላር ይሆንልዎታል። ወረቀት ላይ ግን አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ነጥብ ሳይገዙ ከሌላ ባለቤት ላይ የሚከራዩበት ዋጋ በነጥብ 19 ዶላር እንደሆነ አግኝተዋል። 17.25ና 19 ተቀራራቢ ናቸው። በዓመት 150ውንም ነጥብ ከጨረሱ ጥቂት ይተርፍዎታል፤ 15 ነጥብ እንኳ ቢባክን፣ የቀሩት 135 የእያንዳንዳቸው ዋጋ ከ19 ዶላር ያልፋል። የነርስ የሥራ ሰሌዳ ስንት ወር አስቀድሞ እንደሚወጣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔ ብሆን ሁለት ዓመት ተከራይቼ፣ በእርግጥ ስንት ነጥብ እንደምጠቀም ካየሁ በኋላ ነበር የምወስነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው እሑድ ላስ ቬጋስ ውስጥ በ24,500 ዶላር አንድ ሳምንት ገዝተን ፈርመናል። ለ40 ዓመት ሲሰላ በአዳር 87 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነው ተብለናል። ሒሳቡን እስክናጣራ ብንቆይ ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ለእኚህ ጠያቂ ቀኑ እንዳያልፍባቸው መልሱን በስልክ ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለሌሎች አንባቢያን እንዲጠቅም እዚህም አሰፍረዋለሁ። መቆየት ችግር አለው። በኔቫዳ ሕግ ገዢው ውሉን ያለ ምክንያት በጽሑፍ መሰረዝ የሚችለው ከፈረመበት ዕለት በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ብቻ ነው። በቨርጂኒያ ሰባት ቀን፣ በፍሎሪዳ አሥር ቀን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ 14 ቀን ነው።

ሒሳቡን ለማጣራት ደግሞ ቀናት አያስፈልጉም። ከውሉ ውስጥ የጥገና ክፍያውን ፈልጉ፤ ለሰባት አካፍሉት። የእርሳቸው 1,180 ዶላር ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 169 ዶላር ገደማ ይመጣል። ለግዢው አንድ ሳንቲም ሳይቆጠር፣ ጥገናው ብቻውን የተነገራቸውን የ87 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ቁጥር አንዱን አዳር በኪራይ ከሚያገኙበት ዋጋ በላይ ከሆነ የቀረውን መቁጠር አያስፈልግም።

የመሰረዣው ደብዳቤ በስልክ ወይም በቃል አይተካም። በውሉ ውስጥ በተጠቀሰው አድራሻ፣ የውሉ ቁጥር ተጽፎበት፣ በፈረሙት ሰዎች ሁሉ ተፈርሞ፣ መላኩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ባለው የአደራ ፖስታ መላክ አለበት። ጠያቂው ከባለቤታቸው ጋር ፈርመው በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት ገብተዋል፤ ቅድሚያ ክፍያው ወደ ካርዳቸው መመለሱን እስኪያዩ ድረስም ደረሰኙን እንዲያስቀምጡ ነግሬያቸዋለሁ።